በር ላይ የቀሩት መንገደኞች

ባለፈው ሰሞን ከዓለም ገና ወደ ሰበታ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ቦርሳዋን ከፍታ ጥፍሯን ቀይ ቀለም መቀባት ጀመረች። መኪናው በነጠረ ቁጥር ብሩሹ ጥፍሯን ስቶ ጣቷን ይቀባል፣ እሷ ግን ግድም አልሰጣት። ረዳቱ ዞር ብሎ «እህት፣ በቀለሙ ሽታ ሰክረን ልናልቅ ነው፣ መስኮቱን ክፈቺው» አላት። «አንተ ደግሞ ለመስከር ሰበብ ትፈልጋለህ» አለችው፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ያ ሽታ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ወስዶ ቡራዩ፣ የድሮው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ የላስቲክ ጨርቅ ከለበሰው ጠረጴዛ አጠገብ አስቀመጠኝ። መውረጃዬ አልፎ አንድ ፌርማታ በእግሬ ተመለስኩ።

ቡራዩ የገባነው አዲስ አበባ የነበረው የቀበሌ ቤታችን ለልማት ሲፈርስ ነው። ባለቤቴ መርካቶ ልብስ ሰፊ ስለነበር ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ሲመሽ ይገባል። ቤታችን የጭቃ ነው፣ ጣሪያው ላይ ዝናብ ሲመታ መነጋገር አይቻልም። ከፊት ለፊት አንድ ቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ። ለስላሳ ስምንት ብር፣ ዳቦ አንድ ከሃምሳ፣ ሻማ፣ ክብሪት፣ የሞባይል ካርድ። የዚያን ጊዜ ወንዶቹ ሱሪያቸውን ከማጥበባቸው የተነሳ ቁጭ ሲሉ ጉልበታቸው አይታጠፍም ነበር። ታክሲ ተራው ጥግ ካለችው ሙዚቃ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ኦሮምኛ ዘፈን ይለቀቃል፣ እኔም ቃሉ ሳይገባኝ ዜማውን እያንጎራጎርኩ ሸቀጥ እደረድራለሁ። ኦሮምኛዬ የሱቅ ነው፤ «አካም ጅርታ» ብዬ ተቀብዬ ዋጋ ነግሬ «ነጋቲ» ብዬ እሸኛለሁ። አሁን ያ ለስላሳ ስንት እንደሚሸጥ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ እኔም መጠየቅ ትቻለሁ።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ወሬ የመጣው በዚያ ጊዜ ነው። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ የሰማሁትንም የሰማሁት ሱቄ ደጃፍ ቆመው ከሚያወሩ ሰዎች ነው። አንዱ ከተማው ሊያድግ ነው፣ መንገድና መብራት ሊመጣ ነው ይላል። ሌላው የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ይላል። ሁለቱም ወገን ደንበኞቼ ናቸው፣ ሁለቱንም «እህም» እያልኩ አዳምጣለሁ። አንድ ቀን ግን ሙዚቃ ቤቱ ዝም አለ። ቀጥሎ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ቀጥሎ ኢንተርኔት ጠፋ፣ ከዚያ ወዲያ ጠዋት በሬን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ሰማዩን ሳይሆን አስፋልቱን ሆነ፤ ድንጋይ አለበት የለበትም ብዬ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፣ እኔ ግን ዛሬም ሰበታ ሆኜ ጠዋት በሬን ስከፍት አስፋልቱን ነው የማየው። ሰው ይኼን ያህል ዓመት ሲሰጋ ይደክመዋል፤ ስጋቱ ግን አይደክመውም።

የምነግራችሁ ስለ ልጄ ስለ ሚኪያስ ነው። ሚኪያስ ዝምተኛ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳያመጣ ሲቀር ጭራሽ አፉ ተዘጋ። ታክሲ ተራው አጠገብ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሮ፣ ጠዋት ይሄዳል፣ ማታ ይመጣል፣ ራቱን በልቶ ጀርባውን ይሰጠናል። «ዋልክ?» ስለው «አዎ» ይለኛል፣ በዚያው አበቃ። ኢንተርኔት በነበረበት ጊዜ ከዚያው ከሥራው በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ነገር አትሞ አመጣና ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየተቀመጠ ወደ አማርኛ ይገለብጠው ጀመር። ለፈተና እንደገና ሊቀመጥ ነው ብዬ ደስ አለኝ፣ ሻይ ሁሉ እያፈላሁ አቀርብለት ነበር። ከዚያ ሁለት ጓደኞቹ መምጣት ጀመሩ። አንዷ የጎረቤታችን ልጅ ሰሚራ ናት፣ አፏ የማያርፍ፣ ሂጃቧን በየቀኑ የምትለዋውጥ። ሌላው ኦብሳ ነው፣ ከገፈርሳ ማዶ የሚያርሱት የኦቦ ቶሎሳ ልጅ፤ ቁመናው የዘበኛ፣ ሳቁ የሕፃን። ሦስቱ ገብተው መጋረጃውን ይጋርዱታል። ሰሚራ ከእኔ ሱቅ የለስላሳ ቆርኪ ትለምናለች። «ለምንሽ ነው?» ስላት «ለትምህርት ነው እትዬ» ትላለች።

አንድ ቅዳሜ፣ መንደሩ በወሬ በታመሰበት ሰሞን፣ ዱቄት ላወጣ ወደ ጓዳ ሳልፍ የልጄን ድምፅ ሰማሁ። ሚኪያስ እንዲህ አጥርቶና አስረዝሞ ሲናገር ሰምቼው ስለማላውቅ መጀመሪያ እንግዳ ሰው መስሎኝ ነበር።

«በሩ ላይ ዘበኞች ቆመዋል። ከኋላቸው ድልድዩ አለ። ንጉሡ አልተኛም።»

«እኔ ከኋላ ሾልኬ እገባለሁ» አለች ሰሚራ።

«ምን መሾለክ አለ፣ ድልድዩን እናቃጥለውና በፊት ለፊት ነው እንጂ» አለ ኦብሳ። «ንጉሡን ለኔ ተዉት።»

በዚያን ጊዜ ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ከቤቱ ይወሰድ ነበር። መጀመሪያ ሄጄ ሱቁን ዘጋሁ፣ ከዚያ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ከዚያ መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።

«ንጉሥ የምትሉት ማንን ነው?»

ሦስቱም ቀና አሉ። «እማ፣ ንጉሥ የለም» አለ ሚኪያስ።

«አሁን በጆሮዬ ሰማሁ። ድልድዩስ? የገፈርሳውን ነው?»

ሰሚራ ሶፋው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ኦብሳ እንደ መቆጣትም እንደ መሳቅም እያደረገው «እትዬ፣ ድልድዩም የለም። ሚኪ የሠራው አገር ነው። ይኸው ካርታው» አለና አንድ ትልቅ ወረቀት ዘረጋልኝ።

እኔን ደግሞ የባሰ ያስደነገጠኝ ካርታው ነው። አገር ምድሩ በፕላን በሚባላበት ጊዜ፣ የቤቴ ጠረጴዛ ላይ ወንዝና ድንበር የተሰመረበት፣ በቀይ የተከበበ ካርታ። ማን ያምነናል? «ይኼን ያየ ፖሊስ ጨዋታ ነው ስትሉት እሺ ብሎ የሚወጣ ይመስላችኋል?» አልኳቸው። ያኔ መሳቃቸውን ተዉ።

ሚኪያስ አስቀምጦ አስረዳኝ። በሕይወቱ ከእኔ ጋር ያን ያህል ያወራው ያን ቀን ነው። ጨዋታው አሸናፊና ተሸናፊ የለውም። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ አገሩን፣ የአየሩን ጠባይ፣ በመንገድ የሚያጋጥመውን ሰው እሱ ነው የሚናገረው። ሌላው ሁሉ አንዳንድ ሰው ይሆናል፤ አንዱ ፈረሰኛ፣ አንዷ መድኃኒት ቀማሚ። እንዲህ አደርጋለሁ ይላሉ፣ ይሳካ አይሳካ የሚወስነው ዕጣ ነው። ፈረንጆቹ ሃያ ጎን ያለው ዳይስ የሚሉት የዕጣ ጠጠር ይጥላሉ። ያ እኛ አገር ስለማይገኝ ከአንድ እስከ ሃያ በሰሚራ የጥፍር ቀለም ቁጥር የተጻፈባቸው ቆርኪዎች የሚኪያስ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ገብተዋል። እጅ ከቶ አንድ ማውጣት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ይሳካል፣ ዝቅ ካለ ጉድ ይፈላል። ሽታው በየሳምንቱ ከቤቴ የማይጠፋው ቆርኪው እርስ በርሱ እየተፋጨ ቁጥሩ ስለሚለቅና ሰሚራ ስለምታድሰው ነው።

«በኔ ቤት ንጉሥ አይገደልም» አልኩ። «ዘበኛም አይነካም። የሚቃጠል ነገር አልሰማም።»

«እትዬ፣ ታዲያ ከማን ጋር እንጣላ?» አለ ኦብሳ።

«ከጅብ ጋር።»

በዚህ ምክንያት ያን ክረምት ሙሉ ልጆቹ ከጅብ፣ ከጎርፍና ከአንበጣ ጋር ሲጣሉ ከረሙ። «ማዘር ሳንሱር ቢሮ ከፍታለች» እያለ ሚኪያስ ያሾፍብኛል፤ ሚኪያስ ሲያሾፍ ሰምቼ አላውቅም ነበርና ዝም እለዋለሁ። እኔም ቃላቸውን መጠበቃቸውን ለማየት ስል በር ላይ በርጩማ ይዤ እቀመጥ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ በርጩማው ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። አንድ ቀን ሰሚራ «እትዬ አስካለ፣ ዝም ብለው ከሚሰጉ ለምን አብረውን አይሰጉም?» አለችኝና ጨዋታው ውስጥ ሰው አደረጉኝ። ጨው በበቅሎ ጭና የምትዞር ነጋዴ ሆንኩ። ወንዝ ሲደርሱ «ጥልቀቱን በዱላ ለኩ» እላለሁ። ቤት ሲያዩ «መጀመሪያ ጭስ አለው ወይ?» እላለሁ። አንዴ ኦብሳ ትዕግሥቱ አልቆ «በዚህ አያያዝ እኮ ጅቦቹ በእርጅና ይሞታሉ» አለ። ነገር ግን እኔ ከገባሁ ወዲህ ከመካከላችን የሞተ መንገደኛ የለም፣ ይኼን ሚኪያስም ይመሰክራል።

ምርቃቱን ያመጣው ኦብሳ ነው። መጀመሪያ ከከተማ ወደ በረሃ ልንወጣ ስንል ካልሲውን ገፋ አደረገና «እንዲህማ አይወጣም። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሳይመርቅ ማንም ረጅም መንገድ አይሄድም» አለ። በዕድሜ ትልቋ እኔ ነኝ። እያፈርኩ፣ ሂዱ ግቡ፣ እግራችሁን እንቅፋት አይምታው ብዬ መረቅኩ። ሚኪያስ «አሜን» አለ፣ ሰሚራ «አሚን» አለች፣ ኦብሳ «ሃ ታኡ» አለ፤ ይሁን ማለት ነው። ሦስቱ ድምፆች ተከታትለው ሲመጡ ደስ ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕግ ሆነ። እኔ ሳልመርቅ ጉዞ አይጀመርም።

እውነቱን ለመናገር ጨዋታውን የወደድኩት ለጨዋታው ብዬ አይደለም። ልጆቹ ቅዳሜን ከዓይኔ ሥር ስለሚውሉ ነው። ሌላው እናት ልጇ የት እንደዋለ ሳታውቅ ስትብሰለሰል፣ የኔ ከጅብ ጋር ነው ያለው። ዳቦ ስጨምር፣ ሽሮ ሳበዛ፣ ጨዋታው እንዲረዝም ብዬ ነው። ሚኪያስ ግን ሌላ ነገር አግኝቶበት ነበር። የሽማግሌ ድምፅ ያወጣል፣ የእረኛ ድምፅ ያወጣል፣ በረሃውን ሲነግረን አፋችን ይደርቃል። ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ «ስንት ገጽ?» ብቻ የሚለው ልጅ፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ አገር ያስተዳድራል። ይኼንን ያየሁት ዘግይቼ ነው።

ያ ቀን ቅዳሜ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አንድም ታክሲ አልነበረም። ባለቤቴ ዋዜማውን መርካቶ እንዲያድር ነግሬው ነበር። ገበያው አልቆመም፣ ሱቄን አልከፈትኩም፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ከዋናው መንገድ እየመጣ ቤቱን ሞልቶታል። ይቀራሉ ብዬ ነበር፣ ሰሚራ በጓሮ ዞራ መጣች፣ ኦብሳም መጣ። ጨዋታው ላይ ከከተማዋ በር ደርሰን ወደ ተራራው ልንወጣ ነበር። ሰሚራ የለቀቁትን ቁጥሮች እያደሰች ነው። ኦብሳ ተቀምጧል እንጂ ጆሮው ውጪ ነው። ስልኩ ጠራ። በኦሮምኛ ትንሽ ተናገረና ተነሣ። የአባቱ ማሳ በዚያ ፕላን ይሄዳል የሚባለው ውስጥ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ታላቅ ወንድሙ ገመቹ ከጠዋቱ ጀምሮ መንገድ ላይ እንደነበረ ግን በኋላ ነው የሰማሁት።

«የሰፈሬ ልጆች መንገድ ላይ ወጥተዋል» አለ። «እሄዳለሁ።»

ሚኪያስም ተነሣ። የሰሚራ ክንድ ጠርሙሷን ነካውና ቀዩ ቀለም ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፣ ማንም አላነሣውም። እኔ የሚኪያስን ጃኬት ያዝኩ፣ እንዲሁ ይዤ ቀረሁ። ኦብሳን ግን በምን ልያዘው? የሰው ልጅ ነው፣ ጉልበቱም የዘበኛ ነው።

በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። ዞሮ አንገቱን ደፋልኝ። «እትዬ፣ ይመርቁኝ» አለ።

«አልመርቅህም» አልኩት።

«እትዬ።»

«አልመርቅም። አልያዝኩህም፣ በሩ ያው ክፍት ነው። ከኔ አፍ ግን ምርቃት አይወጣም።»

መቀርቀሪያውን በእጁ እንደያዘ ቆመ። ከሩቅ የሰው ጩኸት ይመጣል፣ ይሄዳል። ወጣት ሆናችሁ ከትልቅ ሰው ፊት አንገታችሁን ደፍታችሁ ተከልክላችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ፤ መውጣት ቀላል አይደለም፣ በተለይ እንደ ኦብሳ ላደገ። ላቡ በግንባሩ ሲወርድ አየዋለሁ። በመጨረሻ በጀርባው በሩን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ያኔ ነው ተኩስ የሰማነው። ሰሚራ ጆሮዋን ያዘች። የጎማውና የጥፍር ቀለሙ ሽታ ተቀላቅሎ ቤቱ ውስጥ ቀረ።

ገመቹ ያን ቀን አልተመለሰም።

ለቅሶው ላይ ሄድኩ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጥኩ፣ የሚያዩኝን ሁሉ ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴ ግን ከንቱ ነበር፣ ቦታ ለቀው ነው ያስቀመጡኝ። ኦቦ ቶሎሳ ስሰናበታቸው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ገለቶሚ፣ እህቴ» ብለው አመሰገኑኝ፣ ከዚያ በአማርኛ «አንዱን አቆየሽልኝ» አሉ። ኦብሳ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ፊቱን አላዞረብኝም፣ አላየኝምም። ወንድሙ አስፋልት ላይ ሲወድቅ እሱ ቆርኪ ካለበት ካልሲ ጋር ተዘግቶ እንደነበር እያሰበ እንደሆነ ገባኝ። ያው ቀን ዳግመኛ ቢመጣ ዳግመኛ አልመርቀውም ነበር። ይኼንን እያወቅሁ አይዞህ ማለት አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ሰሚራ ብቻዋን ሁለት ቅዳሜ መጥታ፣ ሦስታችን ጠረጴዛው ላይ ተያይተን ተነሣን። ዓመታት ሄዱ። ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ፣ ሌላ ነገር መጣ፣ ሌላ ነገር ሄደ፣ ባለቤቴ ዓይኑ ሲደክም ስፌቱን ተወ፣ ቤቱን ሸጠን ሰበታ ገባን። ሚኪያስ እዚህ አንድ ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ሚስት አላገባም። «ዋልክ?» ስለው «አዎ» ይለኛል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዕቃ ስንጠቀልል ካልሲውን አግኝቼ «ልጣለው?» ስለው ከእጄ ተቀበለኝና «እማ፣ ሰዎቹ እኮ እስካሁን በሩ ላይ ቆመዋል» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ፈረሰኛው፣ መድኃኒት ቀማሚዋ፣ የኔ በቅሎ ከነጨው ጭነቷ፤ እኔ ስላልመረቅኩ፣ ከከተማዋ በር አልፈው አያውቁም። ልጄ ይህን ሁሉ ዓመት እዚያ ቆመው ሲያያቸው ኖሯል። አብሯቸው እሱም ቆሟል።

ታዲያ ያን ቀን ከሚኒባሱ ወርጄ አንድ ኮስሞቲክስ ቤት ገባሁና ቀይ የጥፍር ቀለም ገዛሁ። የዋጋው ነገር ይቅር፤ በዚያ ገንዘብ ድሮ አንድ ሳጥን ለስላሳ ይገዛ ነበር። ሻጯ ሻካራ እጄን አይታ «ለሙሽራ ነው እማማ?» አለችኝ። «ለመንገደኞች ነው» አልኳት፣ አላብራራሁም። ማታ ሚኪያስ ሲገባ ራቱ አጠገብ አስቀመጥኩለት። ጠርሙሷን አነሣ፣ ከፈተ፣ አሸተተ። ከልብስ ሳጥኑ ውስጥ ካልሲውን አወጣና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ማደስ ጀመረ። ሲጨርስ ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ፣ ብዙ ቆየ።

ኦብሳ እሑድ መጣ፣ ከሱሉልታ። ገልባጭ መኪና ይነዳል፣ ፀጉሩ ከፊቱ ሸሽቷል፣ የሕፃን ሳቁ የት እንደሄደ እንጃ። ጉልበቴን ሊስም ሲያጎነብስ ትከሻውን ያዝኩት። ኦቦ ቶሎሳ ካረፉ እንደቆየ ነገረኝ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ አልኩት። ሻዩን ሳይጠጣው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣

«ያን ቀን መርቀውኝ ቢሆን እሄድ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ከገመቹ ጋር እሆን ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«አሁን ልጆች አሉኝ» አለ። «እነሱን ሳይ እርስዎ ልክ ነበሩ እላለሁ። ገመቹን ሳስብ ደግሞ እናደድብዎታለሁ። ሁለቱም አልለቀቁኝም።»

«ተናደድብኝ» አልኩት። «መጥተህ ተናደድብኝ።»

ሚኪያስ ጠረጴዛው ላይ ካርታውን ዘረጋ፣ መታጠፊያው ላይ ተበልቷል። ሰሚራ ሆለታ ነው የምትኖረው፣ ባለትዳር ናት፤ በስልክ ገባች፣ ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል፣ «ፍጠኑ፣ ጡት ይፈልጋል፣ እትዬ ወንዙን ልለካ ካሉ አልደርስም» ትላለች። ኦብሳ ወንበሩን ሳበ። ሚኪያስ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፣ ያ ከልጄ የማላውቀው አጥርቶ የሚናገር ድምፅ። «የከተማዋ በር ላይ ቆማችኋል። ጎህ እየቀደደ ነው። በቅሎዋ ተጭናለች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

ተነሣሁ፣ ጉልበቴ እንደልቡ አይነሣም አሁን። ሂዱ፣ ግቡ፣ አልኩ። የወጣችሁበት በር ይጠብቃችሁ። መንገድ ላይ የቀረውንም ነፍሱን ይማር። እግራችሁን እንቅፋት አይምታው።

«አሜን» አለ ሚኪያስ።

«አሚን» አለች ሰሚራ ከስልኩ።

ኦብሳ ካልሲውን እያየ ቆየ። «ሃ ታኡ» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ፣ እጁንም ከተተ።

«ቆይ» አልኩት፣ «መጀመሪያ መንገዱ ላይ ማን እንዳለ ጠይቅ።»